ስንት ደረጃ አለው?



ከሁለት ዓመት በፊት በትንሣኤ ሰሞን የግንቦት ወር መንፈሳዊ ንግደት መመዝገቢያ ወረቀት በቤተክርስቲያኑ በር ላይ ለጠፍን። እንደየዓመቱ ሁሉ መድረሻችን የሊባኖስ እመቤታችን ሐውልት የቆመበት የሐሪሳ ተራራ ነበር። በዚያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ልጅ ወደ እኔ ቀርባ «አባ፣ አብራኝ የምትኖረዋም ስሜን አስጽፊልኝ ብላኛለች» አለችኝ። አብራት የምትኖረውን እህት አውቃታለሁ። ወድቃ ከተጎዳች ወዲህ በእግሮቿ መቆም የማትችል፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ናት። እኔም ብዙ ሳላስብ እንዲህ ስል መለስኩ፦ «ለእርሷ መንገዱ አይመቻትም፤ ደረጃው ብዙ ነው። እዚያ ስንደርስ በስሟ ሻማ እናበራለን፤ የተባረከ መቁጠርያም እናመጣላታለን በያት።»

መልካም ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። በዚያው ምሽት በስልኬ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። «አባ፣ ስለ ሻማው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን እኔ የጠየቅሁት እንዲጸለይልኝ ሳይሆን እንድሄድ ነው። ደረጃው ብዙ ነው ብለዋል አሉኝ። ስንት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ያንን ደረጃ በየዓመቱ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ቁጥሩን ግን አላውቅም። እግሩ የሚታዘዝለት ሰው ደረጃ አይቆጥርም። በዚያ ዓመት ያለ እርሷ ሄድን። ሻማውንም አበራን። ከሐውልቱ ሥር ጀምሮ ጠመዝማዛውን መወጣጫ ስወርድ ግን አንድ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ፤ አንድ መቶ አራት ነው። ያን ቁጥር ይዤ ወደ ቤይሩት ስመለስ፣ ለእርሷ የምነግራት ወሬ እንጂ የማቀርብላት መፍትሔ እንዳልያዝኩ ገባኝ።

ስሟን አልጽፍም። ሆኖም ይህን ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አንብቤላታለሁ፤ ፈቅዳለች፤ አንድ ቦታ ላይም አርማኛለች። ወደዚህ ሀገር የመጣችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የሦስተኛ ፎቅ መስኮት ስትወለውል ወደቀች። አወዳደቋን በዝርዝር መተረክ አያሻም፤ ከመካከላችን እንዲህ ያለ ታሪክ ያልሰማ የለምና። አከርካሪዋ ተጎዳ፤ ነፍሷ ተረፈች፤ እግሮቿ ግን ዳግመኛ አልቆሙም። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ በቡርጅ ሐሙድ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሁለት የሀገሯ ልጆች ጋር ትኖር ነበር። እነርሱ ሲሠሩ ትውላለች፤ ሲመለሱ አብረው ይበላሉ። ሁለቱ እህቶች ለዚህ ሁሉ ከማንም ምስጋና ሳይጠብቁ የኖሩ ናቸውና፣ ይህን ካነበባችሁ እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈላችሁ እላለሁ።

በዚያ ክረምት ልጠይቃት ሄድኩ። ሜትር ይዤ እንድመጣ ያዘዘችኝ ራሷ ናት። የክፍሏ በር ስፋት 70 ሳንቲ ሜትር፣ የወንበሯ ስፋት ደግሞ 66 ነበር፤ በሩን ስታልፍ የጣቶቿን መጋጠሚያዎች እየላጠው ነው የምታልፈው። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት አለ። ነገር ግን በቤይሩት የምንኖር ሁላችን እንደምናውቀው የመንግሥት መብራት የሚመጣው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ የቀረውን «ኢሽቲራክ» የምንለው የሰፈር ጄነሬተር ይሸፍነዋል። የእርሷ ሕንጻ ሊፍት በጄነሬተሩ አይሠራም። ስለዚህ መውጣት የምትችለው መብራት ሲኖር ነው፤ ስትመለስ መብራቱ ቢሄድ ደግሞ ታች ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ከሊፍቱ እስከ ውጭው በር አራት ደረጃዎች አሉ። ከበሩ ባሻገር ያለው የእግረኛ መንገድ ከፍ ያለ ነው፤ ሞተር ብስክሌቶችና መኪኖችም ይቆሙበታል። ከአልጋዋ እስከ ጎዳናው ያለውን መንገድ እኔ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ተጓዝኩት። እርሷ በዚያ በጋ ከቤት የወጣችው ለሐኪም ብቻ ነበር።

ስለዚህ የሐሪሳ አንድ መቶ አራት ደረጃዎች የመጨረሻው እንቅፋት ነበሩ እንጂ የመጀመሪያው አልነበሩም። የመጀመሪያው እንቅፋት እኔ ነበርኩ። ሳልጠይቃት መልስ ሰጥቼባት ነበርና።

በቀጣዩ ዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ በግዕዝ ሥርዓታችን መጻጉዕ በተባለው ዕለት፣ ስለ ድውዩ ሰው ልሰብክ ተነሣሁ። ያንን ወንጌል በዘርዓ ክህነት ተምሬዋለሁ፤ ከሃያ ጊዜ በላይም ሰብኬበታለሁ። በበጎች በር አጠገብ፣ አምስት መመላለሻ ባለው መጠመቂያ ዳር ሰላሳ ስምንት ዓመት የተኛ ሰው ነበር። ዘወትር የምሰብከው ስለ ተአምሩ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሁለት ነገሮች ዓይኔን ያዙት። አንደኛው፣ ጌታ ከመፈወሱ አስቀድሞ የሰውየውን ፈቃድ መጠየቁ ነው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ጠየቀ፤ ምንም የማላውቀው እኔ ግን አልጠየቅሁም። ሁለተኛው፣ ሰውየው ያቀረበው አቤቱታ ነው። ስለ ሕመሙ አልተናገረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለውና እርሱ እስኪደርስ ሌላው እንደሚቀድመው ነው የተናገረው። ችግሩን የመግቢያ ችግር አድርጎ አቀረበው። በቅድስናው ስፍራ ለሰላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ ወደ ቅድስናው መግባት አልቻለም።

በማርቆስ ወንጌል ያለው ሽባም እንዲሁ ነው። አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ፤ መግቢያ ሲያጡም ጣሪያውን ነደሉ። አራቱን ሰዎች ስናመሰግን እንኖራለን፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን በሩን የዘጋው ማን ነበር? ሌቦች ወይም ወታደሮች አልነበሩም። ቃሉን ሊሰሙ የተሰበሰቡ፣ ፊታቸውን ወደ ጌታ ያዞሩ ምዕመናን ነበሩ። ፊታቸው ወደ እርሱ ስለ ዞረ ጀርባቸው ለሽባው ሆነ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ዞር ብሎ ቢያይ ኖሮ ጣሪያው ባልፈረሰ ነበር። ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ ነበር። እኔ የማወራው ስለ ራሴ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ግን በኮሚቴያችን መካከል ክርክር ተነሣ፤ መሸሸግ አይገባኝም። አንድ ወንድም «አባ፣ ለሕመሟ መድኃኒት፣ ለመኖሪያዋ ኪራይ ያስፈልጋታል። ለአንድ ሰው ሽርሽር ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይሆንም?» አለ። ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ የብዙዎቻችን ሐሳብ ነው። መድኃኒትና ኪራይ መቅደም እንዳለባቸውም አልክድም። የመለሰችለት ግን ከመካከላችን በሰው ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራች አንዲት እናት ናት። «ወንድሜ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ማዳሜ እሑድ እንድወጣ አትፈቅድም ነበር። ምግብሽ ተሟልቷል፣ መኝታሽ ተሟልቷል፣ መውጣቱ ምን ያደርግልሻል ትለኝ ነበር። እኛም ለዚህች ልጅ ያንኑ ልንላት ነው?» አለችው። ከዚያ በኋላ የተናገረ አልነበረም።

እውነት ነው። በስደት የምንኖር ሰዎች እንደ ሥራ መሣሪያ መቆጠር ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን። ሰው የሚበላና የሚተኛ ብቻ አይደለም፤ ወጥቶ ተራራና ባሕር ማየት፣ ከወገኖቹ ጋር መዘመር፣ በተቀደሰ ስፍራ መንበርከክ ወይም ዝም ብሎ መቀመጥም ያሻዋል። የዓለም መንግሥታትም ይህን ተቀብለዋል። እ.አ.አ. በ2006 የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 30 ደግሞ አካል ጉዳተኞች በባህል፣ በመዝናኛ፣ በስፖርትና በጉብኝት ስፍራዎች ከሌላው እኩል ተካፋይ እንዲሆኑ ያዛል። ሊባኖስም በ2000 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ሕግ ቁጥር 220 የተባለ የአካል ጉዳተኞች ሕግ አላት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ጉልህ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ከስድስት አንድ ነው። እንግዲህ ሕጉ ተጽፏል፤ በሩን የሚከፍተው ግን በየስፍራው ያለ ሰው ነው።

ቤተክርስቲያንም በዚህ ነገር ብዙ ታውቃለች፤ እኛ እንረሳዋለን እንጂ። እመቤታችን በ1858 ለቅድስት በርናዴት በተገለጠችበት በሉርድ በሽተኞችና አካል ጉዳተኞች በንግደቱ ጅራት የሚጎተቱ አይደሉም፤ በሰልፉ ፊት የሚሄዱት እነርሱ ናቸው። ጋሪያቸውን የሚገፉት ከየሀገሩ በራሳቸው ወጪ የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በዚያም ቢሆን ሁሉ ነገር ከመጀመሪያው የተስተካከለ አልነበረም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሁለት ልጆች የነበሯቸው ፈረንሳውያን ወላጆች በንግደት ላይ ከሌሎች ነጋድያን ተለይተው እንዲቆዩ በመደረጋቸው እጅግ አዘኑ። ከዚያ ኀዘን «እምነትና ብርሃን» የተባለው እንቅስቃሴ ተወለደ። በ1971 የትንሣኤ በዓል 12,000 ያህል ነጋድያን በሉርድ ተሰበሰቡ፤ ከእነርሱም 4,000 ያህሉ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ነበሩ። ያ እንቅስቃሴ ዛሬ በሊባኖስም አለ።

ወደ ሐሪሳ በግንቦት 1997 የመጡት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2004፣ ወደ ሉርድ ሲሄዱ እንደ በሽተኛ በበሽተኞች መካከል ነበር የሄዱት፤ ከጣልያን ውጭ ያደረጉት የመጨረሻ ጉዟቸውም ያ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቼስኮስም ከግንቦት 2022 ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር ሲጠቀሙ አይተናል፤ ከዚያ በኋላም አፍሪካንና እስያን ጎብኝተዋል። ለእርሳቸው አሳንሰር ሲዘጋጅ፣ መወጣጫ ሲሠራ «ቅንጦት ነው» ያለ አልነበረም። ለአንድ ሰው ሲሆን የሚቻል ነገር ለሌላውም ይቻላል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት የመመዝገቢያውን ወረቀት ለወጥነው። ከስምና ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ አንዲት ጥያቄ ጨመርን፦ «ለመጓዝ ምን ያስፈልግሻል? ምን ያስፈልግሃል?» ለአንዲት እህት ብለን ነበር። ሰባት ሰዎች ጻፉ። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንዷ በአንድ ጆሮዋ አትሰማም፤ ከፊት እንድትቀመጥ ጠየቀች። አራቱ ዓመታት ሙሉ ወለል ሲፈትጉ ጉልበታቸውና ወገባቸው የተጎዳ ናቸው፤ ደረጃ ስለሚከብዳቸው ለሦስትና ለአራት ዓመት ሳይመዘገቡ ቀርተው ነበር። አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። ካህን ምዕመናኑን በቅዳሴ ሲያይ የመጡትን ያያል። ያልመጡት ለምን እንዳልመጡ የሚያውቀው ከጠየቀ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የተማርነውን ልጻፍላችሁ፤ በሌሎች ከተሞችና ሀገሮች ላላችሁ ማኅበራት ይጠቅም ይሆናልና።

የመጀመሪያው ነገር አጠያየቅ ነው። መኪና አከራዮችን «ለተሽከርካሪ ወንበር ይመቻል?» ስንል ሁሉም «ማፊ ሙሽኪላ» ይሉናል። ችግር የለም ማለት ብዙ ጊዜ «አንሥተን እናስገባታለን» ማለት ነው። ስለዚህ አጠያየቃችንን ለወጥን። የበሩ ስፋት ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? መወጣጫው ስንት ደረጃ ነው? ሊፍት አለው? ወንበሩ የሚታሰርበት ቦታ አለ? መጸዳጃ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው? ቁጥር የሚያውቅ ሰው ቦታውን ያውቃል፤ ቁጥር የማያውቅ ሰው እንደ እኔ በግምት ይመልሳል። የሚቻል ከሆነ አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ይይ፤ ፎቶግራፍ ያንሣ።

ሁለተኛው መለኪያ ነው። ለተሽከርካሪ ወንበር በር ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ተንቀሳቃሽ መወጣጫ ስታዘጋጁ የተለመደው ስሌት አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ይኸውም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላላት አንዲት ደረጃ 180 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልጋል ማለት ነው። አጭር ሳንቃ ጥሎ መግፋት ሰው መጣል ነው።

ሦስተኛው አካልን ማክበር ነው። ወንበሩ የባለቤቱ አካል ክፍል ነው፤ ሳትጠይቁ አትግፉ፣ ዕቃም አታንጠልጥሉበት። ከእርሷ ጋር ስትነጋገሩ እርሷን እንጂ የሚገፋትን ሰው አትመልከቱ። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ስሜት በሌለው አካሉ ላይ ቁስል እንዳይፈጠር በየጊዜው ክብደቱን ማንሣት አለበት፤ ፀሐይና ሙቀትም ይጎዳዋል። ስለዚህ ለጉዞው በቂ ጊዜና ጥላ ያዙ፤ መርሐ ግብሩን አታጨናንቁ። ለግል ንጽሕናዋ ማን እንዲረዳት እንደምትፈልግ እርሷ ትምረጥ።

በዚያ ዓመት የግንቦት የመጀመሪያው እሑድ፣ የሊባኖስ እመቤታችን በዓል ቀን፣ ብዙ ሕዝብ ስለሚሆን ቀኑን አሳለፍነውና በቀጣዩ እሑድ ወጣን። ልደታ ገና ማለፉ ስለ ነበር እናቶች ንፍሮ ቀቅለው ያዙ። አበው እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ተወለደች ብለው ይተርካሉና፣ በሀገራችን ልደታን ከቤት ውጭ ንፍሮ እየበላን እናከብራለን። ያ ትውፊት እዚህ ተራራ ላይ ለቆምን ልጆቿ ምን ያህል ቅርብ እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሊፍት ያለው አውቶቡስ ግን አላገኘንም፤ ያገኘነውም ከአቅማችን በላይ ነበር። ስለዚህ እርሷ በአንድ ምዕመን የቤት መኪና፣ እኛ በአውቶቡስ ተጓዝን። ከጁኒዬ ባሕረ ሰላጤ ጀምሮ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ባሕሩ ከታች እየሰፋ ይሄዳል። ከሐውልቱ ሥር ስንደርስ አደባባዩ ላይ ቀድማን ደርሳ ነበር። ነጩ ሐውልት በ1908 የተተከለ፣ ስምንት ሜትር ተኩል ቁመት ያለው፣ እጆቹን ወደ ባሕሩና ወደ ከተማው የዘረጋ ነው። በድንጋይ በተሠራው መቀመጫው ዙሪያ ያ ደረጃ ይጠማዘዛል።

ጎበዞቻችን ወዲያው ተሰበሰቡ። «አባ፣ አራት ሆነን እንሸከማታለን፤ እንደ ወንጌሉ!» አሉ። በሐሳቡ እኔም ደስ አለኝ። እርሷ ግን እጇን አነሣች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አትሸከሙኝም። ስትሸከሙኝ እኔ የማየው የደረጃውን ጠርዝና የመውደቄን ፍርሃት ነው። አንድ ጊዜ ወድቄአለሁ።» ሁሉም ዝም አሉ። ቀጥላም ወደ ላይ አመለከተችና «ደግሞ እናንተ ወደ ላይ ስትወጡ የምትደርሱት እግሯ ሥር ነው። ፊቷ የሚታየው ከዚህ ነው» አለች።

ቀና ብዬ አየሁ። እውነቷን ነበር። በየዓመቱ ስወጣ የእመቤታችንን እግር ልብስ እና ከታች የተዘረጋውን ባሕር አያለሁ፤ ፊቷን ግን ተረጋግቼ አይቼ አላውቅም። በዚያ ቀን መቁጠርያውን ከታች ሆነን ደገምን። የመጀመሪያውን ምሥጢር እርሷ መራች። መውጣት የፈለጉ ከጸሎቱ በኋላ ወጡ፤ ጉልበታቸው የሚያማቸው እህቶች ከእርሷ ጋር በጥላው ተቀምጠው ንፍሮውን አካፈሉ። ያረመችኝ ይህን ስፍራ ነው። «ተሸክመው አወጧት ብለው እንዳይጽፉ» አለችኝ። አልጻፍኩም።

ስንመለስ ደስ ብሏት እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «በጣም» አለች። ጥቂት ቆይታም «ግን መዝሙሩ አመለጠኝ» አለችኝ። አልገባኝም ነበር። «እናንተ በአውቶቡስ እየዘመራችሁ ወጣችሁ፤ በመስኮት ሳያችሁ ታጨበጭቡ ነበር። እኔ በመኪናው ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ብቻዬን ነበርኩ።» ወደ ቦታው አደረስናት እንጂ ወደ ጉዞው አላስገባናትም። ንግደት መድረሻው ብቻ አይደለም፤ አብሮ መሄዱ ነው። ያን ቀን ተሳክቶልናል ብዬ በልቤ እየተመካሁ ነበርና፣ ይህን ስሰማ ትምክህቴ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የነገረችኝ ደግሞ ስለዚህ ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ነው። «አባ፣ ለምን ይህን ያህል እንደ ለመንኩ ያውቃሉ? ወደ ሀገሬ መግባት ፈልጌ ፈራሁ። መኪና ውስጥ መግባት፣ መውጣት፣ በሰው ፊት መረዳት፣ ረጅም ሰዓት መቀመጥ እችል እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። ሐሪሳን ከቻልኩ አዲስ አበባን እችላለሁ ብዬ ነው።» እኔ ሽርሽር ሲሉት የነበረውን ጉዞ ስሟገትለት ከርሜ፣ ለእርሷ ምን እንደ ነበር አላወቅሁም ነበር። እንደ ገና አልጠየቅኋትም ነበር ማለት ነው።

በመስከረም የአውሮፕላን ጉዞዋን አዘጋጀን። ከእናንተ መካከል ታሞ ወይም ተጎድቶ የሚመለስ ወገን ያላችሁ ይህን ያዙ። ትኬት ስትቆርጡ ወዲያውኑ የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት ጠይቁ፤ ቢዘገይ እንኳ ብዙ አየር መንገዶች ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። ሦስት ደረጃዎች እንዳሉ እወቁ፦ ደረጃ መውጣት የሚችል ግን ርቀት መሄድ የማይችል፣ ደረጃ መውጣት የማይችል፣ ጨርሶ መራመድ የማይችል። የመጨረሻው ከሆነ በጠባቡ የአውሮፕላን መተላለፊያ የምታልፍ ልዩ ወንበር ቀርባ እስከ መቀመጫዋ ታደርሳታለች። ይህን በግልጽ ካልተናገራችሁ በበሩ ላይ ችግር ይነሣል። የሐኪም ማረጋገጫ ይጠየቅ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። የራሷ ወንበር ከሻንጣ ጋር ሲሄድ ስሟን ጻፉበት፤ የሚነቀለውን ትራስ ግን ከእርሷ ጋር ይሁን። ስትደርስ የሚቀበላት ሰው እስከ መውጫው ድረስ እንዲጠብቃት አድርጉ።

በሰላም ደረሰች። አየር ማረፊያ የሸኙዋት ሁለቱ እህቶች ከመኪናው እስከ መፈተሻው በር ድረስ ዘመሩላት። በሐሪሳ ያመለጣት መዝሙር ነበር።

ዘንድሮ ለሐሪሳ ጉዟችን ሊፍት ያለው አውቶቡስ አግኝተናል። ብዙዎቻችሁ ከወር ደመወዛችሁ ቀንሳችሁ አዋጥታችኋል። እርሷ አትኖርም፤ ሌሎች ሁለት ነጋድያን ግን በዚያ ሊፍት ይወጣሉ። ሁላችንም በአንድ አውቶቡስ እንዘምራለን።

ባለፈው ሳምንት ከሀገር ቤት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ከወላጆቿ ቤት ሆና ነው፤ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። «አባ፣ እዚህም ቤተክርስቲያኑ ደረጃ አለው። መንገዱም ድንጋይ ነው፤ ወንድሜና ጎረቤቶቻችን ግን አስተካክለውልኝ እስከ ግቢው እደርሳለሁ። ቆሞሱን ሄጄ ስንት ደረጃ እንዳለው ጠየቅኋቸው። አላወቁም። ስድስት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ አልኳቸው። ከፋሲካ በኋላ እናስተካክለዋለን ብለውኛል።»

የማላውቃቸው ወንድሜ ካህን ሆይ፣ እንኳን ደኅና መጡ። እኔም እንዲሁ ነው የጀመርኩት።

ምዕመናን ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ቤተክርስቲያን ስትመጡ በሩ ላይ ቆም ብላችሁ ደረጃውን ቁጠሩ። ከዚያም አብራችሁ የምትኖረውን፣ ከጎረቤት ያለውን፣ ከረጅም ጊዜ ወዲህ ያላያችሁትን ሰው አስቡና ጠይቁት። የሊባኖስ እመቤታችን እጆቿን ወደ ሁላችን እንደ ዘረጋች፣ እኛም በሩን ለሁሉም የምንከፍትበትን ልብ ልጇ ይስጠን። አሜን።